በመካከለኛው ዘመን ጃግሊንግ ነበር? ስፈልግ የሠራኋቸው ስህተቶች

ነገሩ የጀመረው አንዲት ትልቅ ሴትዮ በጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

እዚህ ጀርመን በየበጋው «የመካከለኛው ዘመን ገበያ» የሚሉት ነገር አለ። ሰዉ የድሮ ልብስ ለብሶ ይመጣል፣ አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሥጋ በእንጨት እሳት ይጠበሳል፣ ቢራው በሸክላ ይቀዳል። እኔ ደግሞ እዚያ መሀል ቆሜ ኳስና ፖም እየወረወርኩ እቀልባለሁ። ጃግሊንግ ሥራዬ ነው። ማለቴ የቅዳሜና የእሁድ ሥራዬ፤ በአዘቦት ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የምደረድረው። የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ከነበረ የሰርከስ ቡድን ጋር ነው። ከዚያ በፊት ግን እጄን ያፍታታችልኝ ቅልብልቦሽ ናት። እህቶቼ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠጠር ሲወረውሩና ሲቀልቡ አብሬ ገብቼ እጫወት ነበር፣ የሰፈር ልጆች «የሴት ጨዋታ» እያሉ ቢስቁብኝም።

ከሦስት ዓመት በፊት ተመልካቹ ቆሞ የሚያነበው አንድ ወረቀት ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ። ጃግሊንግ በድሮ ጊዜ እንዴት እንደነበር የሚናገር። ሁለት ማታ ኢንተርኔት ላይ አፈላልጌ ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ ጃግለር የነበረው በርዲክ ሦስት መንደሮች ነበሩት።» (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጣም ኮርቼበት ነበር። ሦስት መንደር! እኔ ሦስት ክፍል ቤት እንኳ የለኝም።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። ጡረታ የወጡ የላቲን አስተማሪ መሆናቸውን የነገሩኝ በኋላ ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ በርዲክ ኳስ ሲወረውር ያየው ማን ነው?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም የጠየቁት፣ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። «መጽሐፍ ላይ አለ» ብዬ ተንተባተብኩ። የትኛው መጽሐፍ ቢሉኝ ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ይህንኑ ስፈልግ ነው የቆየሁት። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ላቲንም አልችልም፣ ትንሽ ትንሽ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ነው። ግን እንዴት መፈለግ እንደሌለብኝ በደንብ አውቄያለሁ፤ የሰርከስ ልጅ ሆኖ ወይም ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር የሚፈልግ ሰው ካለ የእኔን መንገድ ሳይዞር ይሂድ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ በርዲክን እንጨርሰው። ስሙ ያለው ዱምስዴይ በተባለው መዝገብ ላይ ነው። ዊልያም እንግሊዝን ከያዘ በኋላ መሬቱ የማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያወጣ ያስቆጠረበት መዝገብ ነው። ግሎስተርሺር ላይ በርዲክ የተባለ «ዮኩላቶር ሬጊስ» ሦስት መንደር አለው ይላል። ሃምፕሺር ላይ ደግሞ አንዲት «ዮኩላትሪክስ» ተጠቅሳለች፣ ሴት መሆኗ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ኳስ የለ፣ ቢላ የለ፣ የተወረወረ ነገር የለ። የግብር መዝገብ እኮ ነው፣ ግብር ሰብሳቢ ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚወረውር ምን አገባው።

ዮኩስ በላቲን ቀልድ፣ ጨዋታ ማለት ነው። ስለዚህ ዮኩላቶር ሰውን የሚያጫውት ሰው ነው፦ ቢዘፍን፣ ተረት ቢያወራ፣ ቢገለባበጥ፣ ድብ ቢያስጨፍር፣ ምትሃት ቢያሳይ፣ ያው ዮኩላቶር ነው። ቃሉ ፈረንሳይ ገብቶ ዦንግለር ሆነ፣ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ሲደርስ ጃግለር ሆነ። ዛሬ ያንን ቃል የያዝነው እኛ ኳስ የምንወረውረው ስለሆንን፣ የድሮውን ሁሉ የእኛ ዘመድ አድርገን እናነበዋለን። በአማርኛ አስቡት። ዘማሪና አዝማሪ ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ አንዱ ጠጅ ቤት። አንድ የውጭ ሰው ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ወገን ይቆጡታል። እኔ በርዲክ ላይ የሠራሁት ልክ ይህንን ነው።

እንግሊዝኛው ደግሞ ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ጃግለር ሲባል በአብዛኛው ምትሃተኛ ማለት ነበር፣ እጁ ፈጣን የሆነ፣ ሳንቲም የሚሰውር። ሬጂናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ በ1584 ስለ ጥንቆላ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ጠንቋይ ተብለው የሚከሰሱ ሰዎች ምንም ኃይል የላቸውም ለማለት ብሎ የምትሃተኞችን ዘዴ አንድ በአንድ ይገልጣል፤ ያንን ሁሉ የሚጠራው ጃግሊንግ ብሎ ነው። እዚያ ውስጥ ብራንደን የሚባል ጃግለር አለ። የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ጃግለር ቶማስ ብራንደን የሚባል ሰው ነበር፤ ደመወዙ በቤተ መንግሥቱ ሒሳብ ላይ ሁሉ ይገኛል። እኔ ይህንን ሳገኝ ጮቤ ረገጥኩ። የንጉሥ ጃግለር፣ በስም፣ በደመወዝ! ከዚያ ምን እንደሚሠራ አነበብኩ። ግድግዳ ላይ እርግብ ይስላል፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ እውነተኛ እርግብ ተቀምጣለች። የተሳለችውን በቢላ ወጋ ወጋ ሲያደርጋት የጣሪያዋ እርግብ ሞታ ዱብ ትላለች። ስኮት ምስጢሩን ሲነግረን፣ እርግቧ አስቀድማ መርዝ ቀምሳለች፣ ሰውየው የሚያውቀው መርዙ የሚሠራበትን ሰዓት ብቻ ነው። ድንቅ ታሪክ ነው። አንድም ኳስ ግን የለበትም።

ሥዕል ላይም ያው ነው። የሂሮኒመስ ቦሽ ነው የሚባል፣ ጠረጴዛ ላይ ኩባያና ትንንሽ ኳስ የደረደረ ሰው የሚታይበት ታዋቂ ሥዕል አለ፣ ተመልካቹ አፉን ከፍቶ ሲያይ ከኋላው ቦርሳውን የሚሰርቁት። ብዙ ቦታ «ጃግለር» የሚል ስም ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። ኳሱ ኩባያው ሥር ነው፣ አየር ላይ አይደለም። ጀርመንኛውም አያድንም፤ ጋውክለር የሚለው ቃል ሁሉንም ይጠቀልላል፣ ከዚያው ሥር የወጣው ግሥ ደግሞ ሰውን ማታለል ማለት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጋውክለር ነኝ ስለው «ቦርሳዬን ልደብቅ» ነው ያለኝ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የፍለጋዬ መንገድ ተቀየረ። የሰውየውን ስም መፈለግ ተውኩ፣ እጁ የሚሠራውን መፈለግ ጀመርኩ። «ጃግለር» ብላችሁ አትፈልጉ። «ወረወረ»፣ «ቀለበ»፣ «አየር ላይ»፣ «ቢላ»፣ «ሰይፍ»፣ «ፖም» እያላችሁ ፈልጉ፣ በምትፈልጉበት ቋንቋ። አንድ ምንጭ መወርወርና መቅለብ ሁለቱንም ካልተናገረ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ምናልባት» የሚለው ዓምድ ውስጥ ይገባል፣ ዘመድ ቢሆን እንኳ። አማርኛ በዚህ በኩል እድለኛ ነው፤ «ጃግለር» የሚል የራሳችን ቃል የለንም እንጂ «መቅለብ» አለን፣ መቅለብ ደግሞ ሌላ ነገር ሊመስል አይችልም። ማብላት ካልሆነ በስተቀር።

ይህን መንገድ ስይዝ ወዲያው ያገኘሁት የደቡብ ፈረንሳዩን ግጥም ነው። ጊራውት ደ ካላንሰን የሚባል ገጣሚ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ አንድ ዦንግለርን ይመክራል፣ ያሾፍበታልም፦ ይህን ይህን ካልቻልክ ምኑን ዦንግለር ሆንክ እያለ። መሣሪያ መጫወት፣ ተረት ማወቅ፣ ምኑ ቅጡ። በመሀል አንዲት መስመር ትመጣለች፦ ትንንሽ ፖሞችን በሁለት ቢላ መወርወርና መያዝ እወቅበት ይላል። መወርወር፣ መያዝ። ሁለቱም ግሦች አሉ! ከአንድ ሙሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ መሆኗም ራሱ ይናገራል፣ ጃግሊንግ ለእነዚህ ሰዎች ከብዙ ሙያቸው አንዱ ነበር እንጂ ሥራቸው አልነበረም። በ1274 ጊራውት ሪኪዬ የሚባል ሌላ ገጣሚ ለካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ በግጥም አቤቱታ አቅርቧል። ጦጣ የሚያስጨፍረውም ቅኔ የሚያቀርበውም በአንድ ስም መጠራቱ ይቅር፣ ይለይልን ነው የሚለው። አያችሁ፣ በራሳቸው ዘመንም ቃሉ አስቸግሯቸዋል።

አሁን ወደምወደው ማስረጃ ልምጣ። ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ የሚገኝ የዳዊት መዝሙር ነው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በእጅ የተጻፈ። ቁጥሩ ኮተን ታይቤሪየስ ሲ 6 ነው። ቁጥሩ ምሥጢር ይመስላል ግን ቀላል ነው። ሮበርት ኮተን የሚባል ሰብሳቢ መጻሕፍቱን በቁም ሣጥን ደርድሮ በአብዛኞቹ አናት ላይ የአንድ ሮማዊ ቄሣርን ራስ ቅርጽ አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ የጢባርዮስ ሣጥን፣ ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ስድስተኛ መጽሐፍ ማለት ነው። ቄሣሮቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም፣ ቤቱም በ1731 ተቃጥሎ ብዙ መጽሐፍ ጎድቷል፣ አድራሻው ግን እንዳለ ቀረ። ይህን ቁጥር መጻፍ ልመዱ። አንድ ሥዕል ቁጥሩ ካልተጻፈበት ቤት የሌለው ልጅ ነው፣ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅለትም።

ሥዕሉ ላይ ንጉሥ ዳዊት መሀል ተቀምጧል፣ በገናውን ይዞ፣ ልክ የእኛ ዳዊት መጻሕፍት ላይ እንደምናየው። ዙሪያውን ሰዎች አሉ፣ እነ አሳፍ፣ እነ ኤማን፣ የመዘምራኑ አለቆች። አንዱ ባለ ቅስት መሣሪያ ይጫወታል። አንደኛው ግን ምንም መሣሪያ አልያዘም፤ ቢላና ኳስ እየወረወረ ነው። ሦስት ቢላ፣ ሦስት ኳስ። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ስልኬ ላይ አጉልቼ አጉልቼ ጣቶቹን ነው ያየሁት። ጃግሊንግ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተወረወረውን አይደለም፣ እጅን ነው።

ቀጥሎ ቤቴ ውስጥ ልሞክረው አልኩ። ከእንጨት ሦስት ቢላ ጠረብኩና ሦስት ኳስ ጨመርኩ። ስድስት ነገር፣ ያውም ክብደቱ የተለያየ፣ ቢላው አየር ላይ ይሽከረከራል ኳሱ አይሽከረከርም። አራት ሳምንት ታግዬ ሁለት ዙር አልደፈንኩም፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ ደግሞ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ጀመረ። በሦስት ነገር ግን ምንም አይል፣ አንድ ቢላና ሁለት ኳስ በአንድ ቀን ውስጥ መጣልኝ። ስለዚህ ሥዕሉ ምን ይነግረናል? ሠዓሊው ሰው ቢላና ኳስ እየቀላቀለ ሲወረውር አይቷል፣ ወይም ካየ ሰው ሰምቷል፣ ወይም ከሌላ ሥዕል ገልብጧል። ቁጥሩን ግን ቆጥሮ የሚምል ቢኖር እኔ አላምነውም። ሠዓሊ ቦታ ይሞላል። ሥዕል ፎቶ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህንን ሥዕል ብዙ ቦታ የምታዩት እንደ መስመር ንድፍ ተደርጎ ነው። ያ ንድፍ ከጆሴፍ ስትረት መጽሐፍ የመጣ ነው፣ በ1801 የእንግሊዞችን ጨዋታ ሰብስቦ ያሳተመ ሰው ነው። ስትረት ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ እኔ አልንቀውም። ግን ከ700 ዓመት በላይ በኋላ የተሳለ ግልባጭ ነው እንጂ የመካከለኛው ዘመን ሥዕል አይደለም። ዋናውን ካላያችሁ አየሁት አትበሉ። እኔ ዋናውን ለማየት ስፈልግ የአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ለወራት ተዘግቶብኝ ነበር፣ ያኔ ያዳነኝ ሌሎች ሰዎች ቀድመው ያወረዷቸው ምስሎች ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ምስል ስታገኙ በዚያው ሰዓት አውርዱ፣ የፋይሉን ስም በቁጥሩና በገጹ ሰይሙት። ነገ አገኘዋለሁ አይባልም።

ታሪክ ሲያድግ እንዴት እንደሚያድግ ያስተማረኝ ደግሞ ታይፌር ነው። በ1066 ሄስቲንግስ ላይ፣ ዊልያም እንግሊዝን የያዘበት ጦርነት ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ዦንግለር ከእሱ ከኖርማኖቹ ሠራዊት ወጥቶ ሰይፍ እየወረወረ ጠላት ፊት ሄደ የሚባለው። የጃግሊንግ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ያነሳዋል፣ እኔም ወረቀቴ ላይ አድርጌው ነበር። አሁን ምንጮቹን በእድሜ ደርድሯቸው። ከጦርነቱ ብዙም ሳይቆይ እንደተጻፈ የሚታመን የላቲን ግጥም አለ፣ የአሚያ ጳጳስ ጊ ናቸው የጻፉት ይባላል። እዚያ ሰይፉን ወደ ላይ እየወረወረ ይጫወታል ይላል፣ ባጭሩ። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ጄፍሪ ጋይማር ሲጽፈው ግን ታሪኩ ሰብቷል። ጦሩን ሦስት ጊዜ ወርውሮ በስለቱ በኩል ቀለበ፣ በአራተኛው ጠላት ላይ ሰደደው፣ ከዚያ ሰይፉን መዞ እሱንም ሦስት ጊዜ ወረወረ፣ ጠላቶቹ ይህ አስማት ነው እስኪሉ። ቀጥሎ ዌስ መጣ፣ ከጦርነቱ መቶ ዓመት በኋላ፤ የእሱ ታይፌር በፈረስ ላይ ሆኖ ስለ ጀግናው ሮላንድ ይዘፍናል፣ የሚወረውረው ነገር የለውም። ያ ጦርነቱ የተጠለፈበት ረጅሙ የባዮ ጥልፍ ደግሞ ስሙን አያነሳም።

ታዲያ ታይፌር ነበረ ወይ? እኔን ከጠየቃችሁ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ሳያደርግ አልቀረም። ግን ማስታወሻዬ ላይ አሁን ሁለት ዓመት ነው የምጽፈው፦ ነገሩ ሆነ የተባለበትንና የተጻፈበትን። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ይቺ ሁለተኛ ዓምድ ናት። ጋይማር ስለ 1066 ብዙም ላይነግረን ይችላል፣ በ1130ዎቹ ሰዎች ግን መሣሪያ ወርውሮ መቅለብ ምን እንደሆነ ያውቁ እንደነበር በደንብ ይነግረናል። አድማጩ የማያውቀውን ትርኢት ማን በግጥም ያስገባል?

በዚሁ ዓይን የሰሜን ሰዎችን እዩ። ስኖሪ ስተርሉሰን፣ አይስላንዳዊው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው። አንድ ቦታ ላይ ንጉሥ ጊልፊ ማንነቱን ደብቆ ወደ አማልክቱ አዳራሽ ሲደርስ በር ላይ አንድ ሰው ቢላ እየወረወረ ያያል፣ ሰባቱ አንድ ላይ አየር ላይ ነበሩ ይላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ስለ ኖርዌዩ ንጉሥ ኦላፍ ትሪግቫሰን ሲጽፍ፣ በሦስት ቢላ ይጫወት ነበር፣ አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው፣ የሚወርደውንም ሁልጊዜ በእጀታው ነው የሚይዘው ይላል። ሁለተኛውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ይህ እኮ መመሪያ ነው! ሦስት ነገር በሁለት እጅ ሲሠራ እያንዳንዱ እጅ አንድ ይይዛል፣ ሦስተኛው አየር ላይ ነው፣ ለጀማሪ ልጆች የምነግራቸው ቃል በቃል ይህንኑ ነው። ሰባቱ ቢላ የአማልክት አገር ወሬ ነው፣ ሰባት ኳስ ለእኔ እንኳ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲሳካ ጥቂት ዙር ነው። ሦስቱ ቢላ ግን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ኦላፍ የሞተው በ1000 ነው፣ ስኖሪ ከ200 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የጻፈው፣ ስለዚህ ኦላፍ በእርግጥ ይችል ነበር አልልም። አይስላንድ ውስጥ ግን በስኖሪ ዘመን የሦስት ቢላን ነገር ከቅርብ ያየ ሰው ነበር። በዚህ እከራከራለሁ።

ቁጥር ሲበዛ ተጠራጠሩ፣ በተለይ ሲደጋገም። በድሮ የአየርላንድ ተረት ውስጥ ያለው የንጉሥ ጃግለር ቱልኪኔ ዘጠኝ ሰይፍ፣ ዘጠኝ የብር ጋሻ፣ ዘጠኝ የወርቅ ፖም ነው ያለው። በአይሁዶች መጽሐፍ በታልሙድ፣ ሱካ በሚባለው ክፍል፣ አንዱ ራቢ ስምንት ችቦ ይወረውራል፣ ሌላው ስምንት ቢላ፣ ሌላው ስምንት ዋንጫ፣ ሌላው ስምንት እንቁላል። እነዚህ የተረት ቁጥሮች ናቸው። ሆኖም ቱልኪኔን ከዝርዝሬ አላወጣሁትም። ዕቃዎቹ አየር ላይ ሲተላለፉ በጥሩ ቀን እንደሚመላለሱ ንቦች ናቸው ይላል ተራኪው። ከዚያ በዚያች ሌሊት ሁሉም ይወድቁበታል፣ ንጉሡም ከልጅነትህ ጀምሮ ሳውቅህ ወድቆብህ አያውቅም፣ ዛሬ ምን ሆንክ ይለዋል። ውጭ ጠላት ቤቱን ከቧል። ዕቃ የወደቀበት ጃግለር ፊቱ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው፣ ቁጥሩ የፈለገውን ይሁን።

የተታለልኩበት ሌላም አለ፣ ባጭሩ ልናገረው። ለእመቤታችን ሐውልት በጸሎት ፋንታ ሙያውን ያሳየ የምስኪኑ ጃግለር ታሪክ። የመካከለኛው ዘመን ነው ብዬ ስድስት ኳሶቹንና አሥራ ሁለት ቢላዎቹን ሳይቀር ጽፌ ነበር። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም በእርግጥ አለ፣ ሰውየው ግን የሚገለባበጥ አክሮባት ነው፣ ምንም አይወረውርም። ኳሱንና ቢላውን የሰጠው አናቶል ፍራንስ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጽፈው።

ከህዳሴው ዘመን አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ክሪስቶፍ ቫይዲትስን ነው የምመርጠው። ኮርቴስ በ1528 ከሜክሲኮ ሰዎችን ይዞ ወደ ስፔን መጣ፣ ለንጉሡ ትርኢት የሚያሳዩ ነበሩባቸው። ቫይዲትስ ጀርመናዊ ነው፣ በ1529 እዚያው ስፔን ነበር፣ ሳላቸው። አንዱ በጀርባው ተኝቶ የሰው ቁመት የሚያህል ግንድ በእግሮቹ ያሽከረክራል። ሠዓሊው በአንድ ሥዕል አልበቃ ብሎት ደረጃ በደረጃ ነው የሣለው፦ ግንዱ እግር ላይ፣ ግንዱ አየር ላይ፣ ግንዱ ሲመለስ። አጠገቡ ምን እንደሚያደርግ በጀርመንኛ ጽፎበታል። መጽሐፉ ኑረምበርግ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ ምስሎቹን ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል። ሠዓሊው የነበረበት ቦታ ይታወቃል፣ ዓመቱ ይታወቃል፣ እንቅስቃሴው በክፍል በክፍል ተሥሏል። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ከስንት አንድ ነው የሚገኘው። ደግሞ የምጠብቀው የአውሮፓ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ሳለ የመጣልኝ የአዝቴክ እግር መሆኑ ገርሞኛል።

የት ልፈልግ ለምትሉ። ለእንግሊዝ መዛግብት ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጥንታዊ እንግሊዝ ድራማ መዛግብት ሥራ አለ፣ ከ1979 ጀምሮ በከተማና በአውራጃ የሚታተም፤ ብዙዎቹ ቅጾች በነጻ ይነበባሉ። ለጃግለር የተከፈለ ሳንቲም በሽ በሽ ነው፣ ምን እንደሠራ ግን እምብዛም አይጻፍም፣ ስለዚህ ብራንደንን አስታውሱ። ስትፈልጉ የፊደል አጻጻፉን ቀያይሩ፣ በዚያ ዘመን ጄ የሚጻፈው በአይ ነው፣ ጄ ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። ለላቲን ቃላት የዱ ካንጅ መዝገበ ቃላት አለ፣ በ1678 የታተመ፣ አሁንም የሚሠራ፣ በነጻ። ለሥዕል የፕሪንስተን የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጥበብ ማውጫ በ1917 የተጀመረ ነው፣ አሁን ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ እዚያም ርዕሱ ላይ አትመኑ፣ ሥዕሉን ክፈቱ። ለፈረንሳይ ጋሊካ የሚባለውን የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቷን ድረ ገጽ ተጠቀሙ። ኤአይ ጠይቄም ነበር፣ አልዋሽም። የመጽሐፍ ቁጥር፣ የገጽ ቁጥር፣ ሁሉንም አስተካክሎ ሰጠኝ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስፈልገው ዋልኩ፣ ያ ገጽ ላይ ያለው የቅዱሳን ቀን መቁጠሪያ ነው።

ሌላው ምክሬ ሰው ጠይቁ ነው። ሴትዮዋን በሁለተኛው ዓመት አገኘኋቸውና ሁለት የላቲን መስመር ይዤ ሄድኩ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በአሥር ደቂቃ ፈቱልኝ። እኔ በአንድ ሳምንት የፈታሁት ተቃራኒውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየበጋው ይመጣሉ፣ ቡና እጋብዛቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ወረቀቴን በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል።

ወረቀቱ አሁን አምስት መስመር ናት። የዳዊቱ መዝሙር ከነቁጥሩ፣ የካላንሰን ፖምና ቢላ፣ የስኖሪ ሦስት ቢላ፣ የቫይዲትስ ግንድ፣ እና በርዲክ፦ «ሦስት መንደር የነበረው፣ ምን እንደሚሠራ ያልተጻፈለት።» ያቺን የመጨረሻዋን ላወጣት ነበር፣ ሴትዮዋ ናቸው ተዋት ያሉኝ። ልጆቹ ግን ወረቀት የሚያነቡ አይደሉም። ከፊት ተደርድረው የሚጠብቁት ፖሙን እየወረወርኩ መሀል ላይ እንድገምጠው ነው።